አምባዛ ስለተያዘ ቦዬ ደህና ነው አይባልም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጅማ ሲወራ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ማማሩ ይነሳል። ደስ ይላል። ውሃው ከተማዋን አልፎ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከመኪና እጥበቱም ከየቤቱም የተለቀቀውን ይዞ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ግቤ ነው የሚወርደው።

ስለ ቦዬ ስጋታችሁን ብታነሱ "ኧረ ዓሣ እየተያዘበት ምን ሆነ ትላላችሁ?" የሚል አይጠፋም። የትኛው ዓሣ? አምባዛ ከሆነ ምንም ማስረጃ አይሆንም። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ውሃው ኦክስጅን ቢያጣም ብቅ ብሎ ይምግና ተመልሶ ይጠልቃል። መጠየቅ ያለብን ስለ ሌሎቹ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው እንቁላሉን የሚጥለው በሚፈስ ውሃ፣ ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩን ደለል ካለበሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ከአፏ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ የምትጣበቀዋ ትንሿ ዓሣም ድንጋያማ የሆነ የሚፈስ ውሃ ትወዳለች። እነዚህ ከጠፉ የአምባዛው መብዛት አያጽናናም።

ደለሉ ከየት ይመጣል? ረግረጉ ተጠንፍፎ ይታረሳል፣ ጭቃው ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይተከላል። ጡብ የሚሠሩት ልጆች ሥራ ፈልገው ነውና እነሱን ብቻ አባሮ መገላገል አይቻልም (ቤታችንን በምን ልንሠራ ነው?)። ሌላ ቦታ ይሰጣቸው።

የባሰው በቡና ለቀማ ወቅት ነው። በዞናችን የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ገለፈቱንና እጣቢውን ወደ ጅረት ሲለቁ፣ ስኳሩን የሚበሉ ተህዋስያን ይራባሉ፤ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ያውም ክረምቱ አልፎ ወንዙ በሚቀንስበት ሰዓት። ዓሣው አፉን ከፍቶ ላይ ላይ ሲንሳፈፍ ማየት ያሳዝናል። እጣቢውን በጉድጓድ አጠራቅሞ ማብላላት፣ ገለፈቱንም ማዳበሪያ ማድረግ የሚቻል ነገር ነው። ቄጠማውና ደንገሉ ያጣራል ብለን ሁሉንም ቦዬ ላይ መጣል የለብንም። እሱም ልክ አለው።

ዩኒቨርሲቲያችን ስለ እነዚህ ረግረጎች ሲያጠና ቆይቷል። ውጤቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቀበሌ ድረስ ይለጠፍልን። የትኛው ዓሣ እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ በስም ይጻፍ። እናንተም ጋዜጠኛ ስትልኩ በኅዳር ይሁን፤ ማጠቢያዎቹ ሥራ ላይ እያሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ