ግኝቱ በየትኛው እንስሳ ላይ እንደተገኘ ይጻፍልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አጥንት መሳሳት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና ካነበብኩ በኋላ፣ ግኝቱ በየትኛው እንስሳ ላይ እንደተገኘ ሳይገለጽ በመታለፉ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በዚህ መስክ በብዛት የሚያገለግለው እንቁልጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት አይጠ መጎጥ ናት። ከእንቁልጢ የሚመነጨው ኢስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን ሲቋረጥባት፣ ስፖንጅ መሰሉ የአጥንቷ የውስጥ ክፍል በሳምንታት ውስጥ ይሳሳል፤ ክብደቷም ይጨምራል። ይህ ባረጡ ሴቶች ላይ ከሚታየው ጋር ስለሚቀራረብ ሙከራው ትልቅ ዋጋ አለው። ይሁንና የአይጠ መጎጥ አጥንት ከጉልምስና በኋላም ለረጅም ጊዜ ያድጋል፤ ጠንካራው የውጭ ክፍሉም እንደ ሰው አጥንት ከውስጥ እየተሸረሸረ በአዲስ አይተካም። በግና ዝንጀሮ ለተጨማሪ ፍተሻ የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኦስቲዮካልሲን ጉዳይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ጄራርድ ካርሰንቲ ቡድን፣ ይህ ከአጥንት የሚመነጭ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች እንደሚወፍሩና የደም ስኳራቸውን በአግባቡ መቆጣጠር እንደሚሳናቸው ባሳተመ ጊዜ፣ አጥንት ስኳርን ይቆጣጠራል የሚለው ሐሳብ በሰፊው ተሰራጨ፤ በ2020 ግን ሁለት ቡድኖች በተናጠል ባዘጋጇቸው፣ ይኸው ፕሮቲን በሌላቸው አይጦች ላይ ያንን የስኳር መዛባት አላገኙም። የመጀመሪያውን ዜና ያነበበ ሰው ሁለተኛውን የማንበብ ዕድሉ ጠባብ ነው።

እናቴ ከበረንዳ ደረጃ ተንሸራተው የእጃቸው አንጓ ከተሰበረ ወዲህ፣ የጤና ጽሑፎቻችሁን በመቀስ እየቆረጡ በፖስታ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ስለሆነም የእንስሳው ዓይነት፣ ዕድሜና ፆታ በጽሑፉ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ