ካሜራ ልትገዢ ነው አሉኝ

ውድ እህትዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማም እንደምታውቂያት ናት፤ ዝናቧም ልምላሜዋም አልጎደለም።

ዝምታችን በጣም ረዘመ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አልመረምርም፣ አንቺም አትመርምሪ። ባለፈው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ እህትሽን አገኘኋት። ቆመን ብዙ አወራን። የምታስተምሪበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎቹን ውድድር ፎቶ ማንሳት ልትጀምሪ እንደሆነ፣ ለካሜራ የሚሆን ብርም እያጠራቀምሽ እንደሆነ ነገረችኝ። ደስታዬን ምን ልበልሽ! እኔም እኮ ከሥራ መልስ የማሳልፈው እዚሁ ካምፓስ ሜዳ ዳር ነው። ስለዚህ ብሩ ከእጅሽ ሳይወጣ ይድረስሽ ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከካሜራው ይልቅ ለሌንሱ አውጪ። ከሌንሱም በፊት ሜዳሽን እወቂ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጫወቱት? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? መስመሩ ጋ ምን ያህል ያስጠጉሻል? የምትገዢውን ዕቃ የሚወስነው ይሄ ነው።

የተማሪዎች ስፖርት ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለ ነው የምለው በቅርበቱ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በአምስት ከተሞች ሲዘዋወሩ አንዷ ጅማ ነበረች፤ ጨዋታው የተደረገው እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ነው። እንደዚያ ባለ ውድድር ላይ ፎቶ ለማንሳት ባጅ ያስፈልጋል፣ የምትቀመጪበትም ቦታ የተወሰነ ነው። ዲፓርትመንት ለዲፓርትመንት ሲገጥሙ ግን አሰልጣኙን ሰላም ብለሽ፣ ዳኛውን አስፈቅደሽ መስመሩ ዳር ቁጭ ማለት ትችያለሽ። የተጫዋቹን ትንፋሽ ትሰሚያለሽ። ይሄን ያህል መቅረብ ከቻልሽ ያ እንደ መድፍ የረዘመው ውድ ሌንስ ለጊዜው ይቅርብሽ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። የጅማው ክለብ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሞልቶ ነበር። ለፍሬሽማን ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ግን ማን ካሜራ ይዞ ይመጣል? እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ተለማምደው፣ ተጫውተው፣ ተመርቀው ይሄዳሉ። በእጃቸው የሚቀረው ጓደኛቸው ከሩቅ በስልክ ያነሳው ብዥ ያለ ፎቶ ነው። እኔን ሜዳ ላይ ያቆየኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። አዲስ ካሜራ አትግዢ፤ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ይበቃሻል። ካኖን 80ዲ በሴኮንድ 7 ፎቶ ያነሳል፣ 45 የፎከስ ነጥቦች አሉት። አቅምሽ ከፈቀደ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 7ዲ ማርክ 2 አለ፤ ኒኮን ከወደድሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዲ500። ሁለቱም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተሠሩ ናቸው፣ በሴኮንድ 10 ፎቶ ያነሳሉ። ከመግዛትሽ በፊት ሹተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ አረጋግጪ። የ80ዲ ሹተር የተገመተለት ለ100,000 ፎቶ ነው፣ የሁለቱ ለ200,000። ካሜራው የሠርግ ቤት ዕቃ ከነበረ ቁጥሩ ሰማይ ነክቶ ልታገኚው ትችያለሽ።

ስለ ሌንሱ ትንሽ ልቆይ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) ለስፖርት አይሆንም። አጭርም ነው፣ ብርሃንም አያስገባም። ኤፍ የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ በኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። እዚህ ጅማ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ጨዋታ የሚጀምረው 10 ሰዓት ላይ ነው። ደመናው ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጋመስ ብርሃኑ ሲያልቅ ይታይሻል። ያኔ ያ 4 እጥፍ በጥሩ ፎቶና በሚጠፋ ፎቶ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻ ግብሽ 70-200 ኤፍ 2.8 ይሁን። ከጠቀስኩልሽ ካሜራዎች በአንዱ ላይ 200 ላይ አድርገሽው 30 ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋች ፍሬሙን ከላይ እስከ ታች ሊሞላው ምንም አይቀረውም። አንድ ምክር፦ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ያለው በጣም ውድ ነው። ያ መከላከያ የአንቺን እጅ እንጂ የተጫዋቹን እግር አያረጋጋም። ለስፖርት የምትጠቀሚው ፈጣን ሹተር ስለሆነ የድሮው፣ መከላከያ የሌለው ይበቃሻል። ግን ልብ በይ፣ እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ሞኖፖድ፣ ያን ባለአንድ እግር የካሜራ መደገፊያ፣ አብረሽ አስቢ።

ብሩ እስኪሞላ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። 55-250 ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፀሐይ ካለ ለእግር ኳስና ለሩጫ ጥሩ ነው። አዳራሽ ውስጥ ለሚደረገው ደግሞ 85 ኤፍ 1.8 ግዢ። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ስለ እሷ ቀኑን ሙሉ ባወራ አይሰለቸኝም። ካሜራውን ወደ ላይ አቁመሽ ከ8 ሜትር ብታነሺባት ተጫዋቿን ከእግር እስከ ራስ ትይዝልሻለች። ለቅርጫት ኳስና ለመረብ ኳስ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

የሹተሩን ፍጥነት ደግሞ ከ1/1000 ሴኮንድ አታውርጂው። ቁጥሩን ተመልከቺ፦ 100 ሜትሩን በ12 ሴኮንድ የሚሮጥ ልጅ በአንድ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሹተርሽ 1/200 ከሆነ ፎቶው እየተነሳ ሳለ ልጁ 4 ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል። ፊቱ ይጠፋል። በ1/1000 ግን 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አዳራሽ ውስጥ ብርሃን ካነሰሽ እስከ 1/500 ውረጂ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚይዝበትን ኃይል) ደግሞ 3200 ወይም 6400 አድርጊ። እሱ ሲጨምር ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ አያስፈራሽ። ነጠብጣብ ያለበትን ፎቶ ልጆቹ ያቅፉታል፣ ብዥ ያለውን ግን ማንም አይፈልገውም። ፎከሱም ተንቀሳቃሽ ነገር የሚከተለው ይሁን፤ ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። ፍላሽ ግን በጭራሽ! አየር ላይ ያለች ልጅ ዓይን ላይ ብርሃን አይበራም።

አዳራሽ ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባሽ ነገር ይገጥምሻል። በተከታታይ ካነሳሽው አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ካሜራሽ አልተበላሸም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱም ካሜራዎች ይህን ብልጭታ የሚከላከል ማስተካከያ አላቸው፤ ካኖን አንቲ-ፍሊከር፣ ኒኮን ፍሊከር ሪዳክሽን ይሉታል። ክፈቺው፣ ካሜራው አምፖሉ ሲደምቅ ጠብቆ ያነሳልሻል።

አንቺ ያለሽበት አገር ደረቅ ከሆነ የሚቀጥለውን ዝለይው። እዚህ ግን የሌንስ ጠላት እርጥበት ነው። ሌንስ በቦርሳ ተዘግቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ክረምቱን ከከረመ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ሆኖ ከጠርዙ ወደ መሃል ይሄዳል። ያገለገለ ሌንስ ስትገዢ የስልክሽን መብራት ከኋላ አብሪበትና ከፊት አጮልቀሽ እዪው። ያን ድር ካየሽ ምንም ቢረክስ ተዪው። ለማስቀመጥ ደግሞ በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣያቸው፤ ሰብስበሽ እዚያ ውስጥ ክተቻቸው። ሜዳ ላይ ዝናብ ቢመጣም ፌስታል ቀደሽ ሌንሱን አልብሺው፣ ማንሳትሽን ቀጥዪ። ዝናብ ላይ የሚነሳ ፎቶ እኮ ሌላ ነው! ቀዩ የጅማ ጭቃ ነጭ ካልሲ ላይ ሲረጭ፣ በረኛው ተንሸራቶ ሲነሳ ግማሽ ፊቱ አፈር ሆኖ።

ከሌንሱ ይልቅ ፎቶዬን የለወጠው ግን አቀማመጤ ነው። ቆመሽ አታንሺ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ተጫዋች ያጥራል፣ ከጀርባው የሚታየውም ሣር ብቻ ነው። ዝቅ ስትዪ ግን ልጁ ይገዝፋል፣ ዝላዩ ከፍ ይላል፣ ከኋላው ደጋፊው ይታያል። እኔ የምይዘው እዚሁ ገበያ የገዛኋትን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። ቁመቷ ልክ ነው፣ ጭቃ ላይም አትወላገድም። ፀሐይዋ ከጀርባሽ ወይም ከጎንሽ ትሁን። ከጎሉ መስመር ኋላ፣ ከኮርናው ገባ ብለሽ ተቀመጪ፤ አጥቂው ፊቱን ወደ አንቺ አድርጎ ነው የሚመጣው።

ጨዋታውንም አንብቢው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ካሜራውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ዝም ብለሽ እዪ። ግራ እግር የትኛው ነው? ቴስታ ላይ የሚተማመኑት በማን ነው? መረብ ኳስ ላይ ደግሞ ኳሷን የምታቀብለውን ልጅ ተመልከቺ፤ ትከሻዋ ወዴት እንደዞረ ካየሽ መቺዋ ከየት እንደምትነሳ ታውቂያለሽ። እንዲህ ያነሳኋት አንዲት ፎቶ አለችኝ። ልጅቷ አየር ላይ ናት፣ ኳሱ ገና መዳፏን አልነካም፣ የአምስት ጣቶቿ ጥላ ኳሱ ላይ አርፏል። ያን የሰጠኝ የካሜራው ፍጥነት አይደለም። እንደምትነሳ አውቄ ስለጠበቅኳት ነው። ጎል ሲገባም ኳሱን አትከተዪ። ፊት አንሺ፤ ያገባውን፣ የገባበትን፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያሉትን።

ካነሳሽ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ሰው አይዋጥለትም። ከመቶዎቹ ውስጥ ጥቂቱን ምረጪ፣ ሌላውን አጥፊ። የተጫዋቾቹን ስምና የማሊያ ቁጥር ከአሰልጣኙ ቀድመሽ ጻፊ። በቴሌግራም ስትልኪላቸው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፤ አለበለዚያ ያሳንሰዋል፣ ላሳትመው ብለው ቢፈልጉ አይሆንላቸውም። አንዳንዷ ልጅ ደግሞ ፎቶዋ ቻናል ላይ እንዲወጣ አትፈልግ ይሆናል። ሳትጠይቂ አትልቀቂ። ማሊያዋ የተገለበባትን፣ ወድቃ መጥፎ ሁኔታ ላይ የታየችበትን እዚያው ካሜራው ላይ አጥፊው። ልጆቹ ካመኑሽ ሜዳው ሁሉ ክፍት ነው።

በይ አሁን ተራው ያንቺ ነው። ሦስት ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ፦ ብዙ ጊዜ የምታነሺው ሜዳ ላይ ነው አዳራሽ ውስጥ? ጨዋታው ስንት ሰዓት ይጀመራል? እጅሽ ላይ ስንት ብር አለ? አዳራሽ ካልሽኝ 85ቷን አስቀድሚ እልሻለሁ። አዲስ አበባ ያገለገለ ሌንስ የሚያመጣ የማምነው ሰው አለ፣ ዋጋውን እኔ እጠይቅልሻለሁ። ሻጩ ፎቶ ከላከልሽም ወደ እኔ አሳልፊው፣ ሳላየው ብር እንዳትከፍዪ።

እናትሽን ሳሚልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንቺው እህት፣
ከጅማ