የክቬድሊንቡርግ ቤቶች ግድግዳ ጭቃ ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ባለፈው እትማችሁ በጀርመን የሀርዝ ተራሮች ግርጌ ስለምትገኘው የክቬድሊንቡርግ ከተማ ያወጣችሁትን የጉዞ ማስታወሻ በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ቤቶቹ ከእንጨት ብቻ እንደተሠሩ መግለጻቸውና ከተማዋ እስከ ዛሬ የቆየችውም ጀርመኖች ቅርስ ማፍረስ ስለማያውቁ ነው ማለታቸው እርማት ያሻዋል።

በሙያዬ አናጺ ነኝ፤ ከተማዋንም ደጋግሜ አይቻታለሁ። ከእንጨት የተሠራው የቤቱ አጽም፣ ማለትም ቋሚው፣ አግዳሚውና ሰያፉ ሲሆን፣ በጥንታዊዎቹ ቤቶች በመካከል ያለው ክፍት ቦታ የተሞላው ቀጫጭን እንጨት ተሰክቶ፣ በልምጭ ተጠላልፎና ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ ነው። በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ልስኑ የረገፈ ግድግዳ አግኝቼ ብጠጋው፣ ክረምት በወጣ ቁጥር እናቴ ቤት ስንመርገው የኖርነው ግድግዳ ነበር፤ ጭዱ ሳይቀር አፍጥጦ ይታያል። በአጠገቡ ባለው ቋሚ ላይ ደግሞ በመሮ የተቀረጸ ቁጥር አለ። የያኔዎቹ አናጺዎች አጽሙን አስቀድመው መሬት ላይ አጋድመው ይገጥሙና፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ምልክት አድርገውበት፣ ከዚያ ፈትተው በቦታው ያቆሙት ነበር። ጭቃው ከእንጨቱ እርጥበት እየሳበ ያደርቀዋል፤ በኋላ ዘመን ሲሚንቶ የተለሰነባቸው ቤቶች ግን ውሃው መውጫ ስለሚያጣ እንጨታቸው ከውስጥ ይበሰብሳል።

የአፈራረሱ ታሪክም ያስቆጫል። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሮጌውን ከተማ አፍርሶ በአዲስ ለመተካት አቅዶ የነበረ ሲሆን፣ ያኔ ያዳነው ፍቅር ሳይሆን የገንዘብ እጦት ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ከገበያው ቤተ ክርስቲያን በስተሰሜን የነበሩ ቤቶች ፈርሰው በኮንክሪት ሕንፃ ተተክተዋል፤ ለቀሩት የደረሰላቸው የምሥራቅ ጀርመንን አገዛዝ የጣለው የ1989 ለውጥ ነው። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1994 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከ1,300 በላይ የእንጨት አጽም ያላቸው ቤቶች ነበሯት።

ጸሐፊው በከተማዋ ኮረብታ ላይ ያለውን ግንብ የንጉሥ መኖሪያ ብቻ ማድረጋቸውም ጉድለት አለበት። የጀርመን ንጉሥ ሄንሪክ ቀዳማዊ በ936 እዚያ ከተቀበረ በኋላ በባለቤቱ በማቲልደ አነሳሽነት የተመሠረተው የመኳንንት ሴቶች ማኅበር ነው ለዘመናት የኖረበት፤ የማኅበሩ አለቆች፣ ሁሉም ሴቶች፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የከተማዋ ጌቶች ነበሩ። (እንደ መነኮሳት የዘላለም መሐላ ስላልፈጸሙ አባላቱ ወጥተው ማግባት ይችሉ ነበር።)

ጸሐፊው ዳግመኛ ከሄዱ በቮርድጋሰ መንገድ ቁጥር 3 ያለውን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤት እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። ዛሬ የዚሁ የእንጨት አጽም አሠራር ሙዚየም ሲሆን፣ ቋሚዎቹ ከመሬት እስከ ጣሪያ ያለ ቅጥያ አንድ ወጥ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
በማግደቡርግ ነዋሪ የሆንኩ አንባቢያችሁ