ቀዩን ጣሪያ ላንቺ ትቼዋለሁ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ «ማታ ማታ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ሳልጀምረው ላወራልሽ ስላልፈለግኩ ነው። ይኸው ጀምሬዋለሁ። ክሮስ ስቲች ይሉታል። ጥልፍ ነው፤ ጨርቁ በትናንሽ ካሬዎች የተሸመነ ነው፣ እያንዳንዷ ካሬ ላይ ክሩን እንደ ማባዣ ምልክት ታሻግሪዋለሽ፣ በቃ። የምጠልፈው ደግሞ ከተማዋን ነው። ልጅ ሆኜ ይዘሽኝ ስትሄጂ፣ አውቶብሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ወለል ብላ የምትታየውን፣ አንቺም «ደረስን፣ ጫማሽን እሰሪ» የምትዪኝን ቦታ።

ባለፈው ወር ብቻዬን ሄጄ እዚያው ጋ ሆኜ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶን ወደ ጥልፍ ንድፍ የሚቀይር አፕ አለ፤ መጀመሪያ 60 ቀለም አወጣልኝ። ሰማዩ ብቻ 14 ዓይነት ሰማያዊ ነበረው! ቁጭ ብዬ ቀነስኩ ቀነስኩና 22 አደረስኩት። እንደኔ ከተማዋን የመሰለችው አሁን ነው፤ ከሩቅ የምናየው ጣሪያዎቹንና ረጅሙን የሰዓት ማማ እንጂ እያንዳንዱን መስኮት አልነበረማ።

ስፋቱ 154 በ112 ካሬ ነው። ጨርቁ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ስላለው፣ ሲያልቅ 28 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። «ለስፌት ተዪለት» የምትዪው ትዝ ብሎኝ ዙሪያውን ሰፋ ያለ ትርፍ ትቻለሁ።

የጀመርኩት ከመሃል ነው፣ ጨርቁን ለአራት አጥፌ። ክሩ ስድስት ነጠላ አንድ ላይ የሆነ ነው፤ እኔ የምጠልፈው ግን በሁለት ነጠላ ውፍረት ብቻ ነው። ከላይ የሚተኛው ክር ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ብርሃን ሲያርፍበት ቡራቡሬ ይመስላል። ይሄን ያወቅኩት ሁለት ቀን ከሠራሁ በኋላ ነው። አንድ ምሽት ደግሞ አንዲት ካሬ ዘለልኩና ማማው ወደ ጎን ሄደ። ከ200 በላይ ስፌት ፈታሁ፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየአሥር ካሬው በቀጭን ክር መስመር አስምሬ ነው የምሠራው፤ አልሳትኩም።

ጀርባውን እንደምታዪ አውቃለሁ። ሰው ጥልፍ ሲያሳይሽ መጀመሪያ ገልብጠሽ ነው የምታዪው። ስለዚህ ቋጠሮ የለውም እማ! አንዱን ነጠላ ክር ለሁለት አጥፌ ሁለቱን ጫፎች በመርፌው ዓይን አስገባለሁ፣ በመጀመሪያው ስፌት ከኋላ በቀረው ቀለበት ውስጥ መርፌውን አሳልፌ እስባለሁ፣ ክሩ ራሱን ይይዛል። ስጨርስ ጫፉን በጠለፍኩት ሥር እሸጉጠዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አቃተኝ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው፣ አንቺ ትሠሪበት የነበረው ሕንጻ ፎቶው ላይ ጣሪያው ግራጫ ነው። አንቺ ደግሞ ሁሌ «ቀዩ ጣሪያ» ነው የምትዪው። ቀይረውት መሆን አለበት። እኔ የምፈልገው ያንቺን ነው። ግን ምን ዓይነት ቀይ? የጡብ ቀይ ነው ወይስ ደመቅ ያለ?

እሁድ ስመጣ ቀያዮቹን ክሮች ሁሉ ይዤልሽ እመጣለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ በረንዳው ላይ በቀን ብርሃን ምረጪልኝ። ዙሪያውን ጠልፌ 38ቱን ካሬ ባዶ ትቼልሻለሁ።

ልጅሽ