ስለ እምቦጭ አበባ፣ ለወንድም ዓለም

ጎንደር፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ናቸው? ሁለት ክረምት ሙሉ ሳልጽፍልህ መቅረቴ ከብዶኛል፤ ይቅር በለኝ። የጠየቅከኝን ግን አልረሳሁትም። «ደንቢያ ያለውን ባሕር ሸሽ መሬቴን በየዓመቱ አጸዳለሁ፣ እምቦጩ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለህ ነበር። የሚመጣው ከጣና ሐይቅ ብቻ አይደለም። ከእግርህ ሥር ካለው ጭቃም ነው።

የእምቦጩን ሐረግ ታውቀዋለህ። እናቲቱ ተክል ወደ ጎን ትዘረጋዋለች፣ ጫፉ ላይ ልጅ ትበቅላለች፣ ሲበጠስ ነፋስ ልጅቱን ወስዶ ሌላ ዳር ያሳርፋታል። ለዚህ ንብም ዘርም አያስፈልግም። ውሃው ሞቅ ብሎ ምግብ ካገኘ በ1 ወይም በ2 ሳምንት እጥፍ ይሆናል። በ2 ሳምንት ብለን እንኳ ብናሰላ፣ ዛሬ ጥለሃቸው የሄድካቸው 10 እግሮች መጋቢት መጀመሪያ ላይ 2,560 ይደርሳሉ። ምግቡን ደግሞ የምንልክለት እኛው ነን፤ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያም፣ ከጎንደር በአንገረብ አድርጎ መገጭ የሚገባው እጣቢም ጣና ነው የሚያርፈው።

ብዙ ሰው የማያየው አበባውን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዛሬ የፈካ አበባ ቁረጥ፤ የአንድ ቀን ነውና ማታ ይጠወልጋል። የአበባውን ቅጠሎች በጥፍርህ እስከ ሥር ሰንጥቅ። 6 ወንዴዎች ታገኛለህ፦ 3ቱ ረጅም ሆነው ወደ ውጭ የወጡ፣ 3ቱ አጭር ሆነው ጉሮሮው ውስጥ የተደበቁ። የሴቴዋ ዘንግ ጫፍ በሁለቱ መካከል ከቆመ መካከለኛው ዓይነት ነው። ከሁሉም በላይ የሚወጣ ረጅም ዓይነት አለ፣ ከሁሉም በታች የሚቀር አጭርም አለ። ሦስቱም የሚገኙት በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ ነው። ሰው ለጌጥ ብሎ ጥቂት እግር እያነሳ ዓለም ላይ ሲበትነው በአብዛኛው የሄደው መካከለኛው ነው፤ አጭሩ እዚያው ቀርቷል።

የሦስቱ ልዩነት የአንዱ የወንዴ ዱቄት በንብ ገላ ወደ ሌላው ዓይነት እንዲደርስ የተሠራ ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት ብቻ ያለበት ውሃ ላይ መካን አይሆንም? አይሆንም፤ በራሱ ዱቄትም ዘር ይይዛል። ኸርበርት ቤከር የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ያመለከተው ይህንን ነው፦ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል አጋር ሳይጠብቅ፣ ከአንዲት ዘር ተነስቶ አዲስ አገር ሊይዝ ይችላል። እዚህ መንገድ ዳር የሞላው ቅንጨ አረም ሐረግ የሚባል ነገር የለውም፤ ኃይሉ በሙሉ ዘሩ ላይ ነው። ነጩን የአበባ ራስ ብትፈለፍለው 5 ዘር ብቻ ታገኛለህ፣ ራሶቹ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። እሱን ስትነቅል ጓንት አድርግ፤ ቆዳ ይቆጣል።

ወደ እምቦጩ ልመለስ። አበባው ሲጠወልግ ግንዱ ጎንበስ ብሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ፍሬው እዚያ በ3 ሳምንት ገደማ ይበስላል፣ ዘሩ ጭቃ ላይ ይሰጥማል። እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ለመብቀል የሚፈልገው ብርሃንና እርጥብ ጭቃ ወይም ስስ ውሃ ነው፤ ከጥር እስከ ግንቦት ውሃው ሲሸሽ መሬትህ የሚሆነውም ልክ እንዲያ ነው። ስለዚህ ከዘር የበቀለውን ከሐረግ ልጅ ለይ። የሐረጓ ልጅ የቅጠል እግሯ እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፣ ስትስባት ሐረጉ ተከትሎ ይመጣል። ከዘር የመጣችው ቅጠሏ እንደ ሳር ቀጭን ነው፣ ሥሯ ጭቃ ይዟል፣ ሐረግ የላትም። ከሸንበቆ 1 ሜትር በ1 ሜትር አራት ማዕዘን ሠርተህ አምስት ስድስት ቦታ ጣልና ቁጠር፤ ቆጥረህ ንቀል፣ ከ2 ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ድገም። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ካልቀነሰ ዘር አሁንም እየገባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አነቃቀሉ ላይ አደራ የምልህ፣ በማጭድ አትቆራርጠው። ቅጠል ብቻውን አይበቅልም፤ በሥሩና በቅጠሉ መገናኛ ያለው ጉጥ ላይ ግን እንቡጥ አለ፣ ቁራሹ አዲስ ተክል ይሆናል። ከነሥሩ አውጣው። ከ100 ኪሎው 95ቱ ውሃ ስለሆነ፣ ሸክም የሚያቀለው መጀመሪያ ዳር ላይ አስጥቶ ማንጠፍጠፍ ነው። ከዚያ የመስከረም ውሃ ከሚደርስበት ከፍ አድርገህ ከጉልበት ባልበለጠ ቁልል አድርቀው፤ ቁልሉ ከበዛ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ይቆይና ያቆጠቁጣል። አበባና ፍሬ የያዘውን ለይተህ በጆንያ አድርግና ከደረቀ በኋላ አቃጥለው፤ ኮምፖስት ውስጥ ከከተትከው ዘሩን በገዛ እጅህ ማሳህ ላይ ትዘራዋለህ። ጓደኞችህ ታንኳና መረባቸውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲያዞሩ ሳያራግፉ እንዳይሄዱ ንገራቸው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጊዜው ነው። ዘመቻው አበባው ካለፈ በኋላ ሲሆን የሰው ጉልበት አረንጓዴውን ያነሳል፣ ዘሩ ግን ቀድሞ ሰጥሟል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንተ የመጀመሪያው ሐምራዊ አበባ እንደታየ ጀምርና በየ2 ሳምንቱ ተመላለስበት።

አንድ ነገር እንድታደርግልኝ እለምንሃለሁ። በዳርቻው 20 ቦታ ላይ አንድ አንድ አበባ ቁረጥልኝ፤ ጎረቤታሞቹ የአንዲት እናት ልጆች ስለሚሆኑ በመካከላቸው ቢያንስ 30 እርምጃ ይሁን። የሴቴዋ ጫፍ ከወንዴዎቹ ሁሉ በላይ ወይም ከሁሉም በታች የሆነ ካገኘህ ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ አረቄ ውስጥ ክተተው፤ ሌላ ዓይነት ከመጣ ዘሩም ዝርያውም ይበረክታልና ቶሎ ማወቅ አለብን። ቦታውንና ቀኑን በወረቀት ጽፈህ እዚያው ጨምር፤ በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶውን አረቄው ያጥበዋል።

ወንድምህ