ይድረስ ለሳይንስ ፈተና አዘጋጆች፦ ያልተለካ አሃዝ ማርክ አይሰጠው

የሳይንስ ሥርዓተ ትምህርትና ፈተና ለምታዘጋጁ ኃላፊዎች፤

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የፈተና አስተራረማችሁ ተማሪውን ውሸት እያስለመደው ነው። ቃሉ ከበድ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን እዩት እስቲ።

አንድ ተማሪ የመጫወቻ መኪና የሄደችበትን ርቀት በማስመሪያ ለካ እንበል፤ 12.5 ሴንቲ ሜትር። ሰዓቱን በእጁ ያዘ፤ 3.8 ሴኮንድ። ሲያካፍል ካልኩሌተሩ 3.289473684 አለው። የእርማት ቁልፉ 3.289 ስለሚል ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ የጻፈ ሁሉ ማርኩን ያገኛል፣ 3.3 ያለችው ልጅ ግን ኤክስ። ሰዓቱ የተያዘው እኮ በጣት ነው! ጣቱ ትንሽ ብትፈጥን 3.7፣ ብትዘገይ 3.9 ይሆን ነበር፤ ያኔ ፍጥነቱ ከ3.2 እስከ 3.4 ይዋልላል። ታዲያ ያቺን 89 ማን ለካት? ማንም። ትክክለኛዋ ኤክስ የገባባት ልጅ ናት።

ጉልህ አሃዝ የሚባለው ነገር ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የለካኸውን ጻፍ፣ ያልለካኸውን ተው ነው። ስታባዛና ስታካፍል መልሱ ከደካማው ልኬት፣ ማለትም ትንሽ ጉልህ አሃዝ ካለው፣ የበለጠ ጉልህ አሃዝ አይኖረውም። (መሃል ላይ እያጠጋጉ መሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የሚጠጋጋው መጨረሻ ላይ ነው።)

የተለካውን መጣልም ያው ጥፋት ነው። ሚዛኑ 2.50 ግራም ካለ፣ ያቺ ዜሮ ትርፍ አይደለችም፤ ሚዛኑ እስከዚያ ድረስ ማየቱን ትናገራለች። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ናይትሮጅን ሲመዝን ከአየር ያወጣው በሊትር 1.2572 ግራም፣ ከኬሚካል ውሁዶች ያገኘው ደግሞ 1.2505 ግራም ሆነበት። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ። ሌላ ሰው ቢሆን «የሚዛን ስህተት ነው» ብሎ ያልፈው ይሆናል፣ እሱ ግን ሚዛኑን ያውቀዋል፤ ደጋግሞ ሲመዝን የሚያገኛቸው ቁጥሮች እርስ በርስ የሚለያዩት ከዚያ በጣም ባነሰ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን አመነው፣ ከኬሚስትሪ ሊቁ ዊሊያም ራምሴ ጋር ሆነው ተከታተሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ተቀላቅሎ ያከበደው አርጎን ተገኘ። ከአየሩ 1 በመቶ ገደማ የሚሆን ጋዝ፣ ሰው ሁሉ ሲተነፍሰው የኖረ! በ1904 ሁለቱም ኖቤል ወሰዱ፣ ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ። ሁለቱን ቁጥሮች 1.3 ብሎ አጠጋግቷቸው ቢሆን ግን የሚከታተለው ነገር አይኖረውም ነበር።

መለኪያ አሃዱን ስለመዝለልም ብዙ አልልም፤ የናሳ የማርስ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን በፓውንድ ያሰላውን ግፊት ሌላው በኒውተን ስለወሰደው ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ ወጪ የለውም። የእርማት ቁልፉ አንድ ቁጥር ላይ አይንጠልጠል፤ ልኬቱ የሚፈቅደውን መልስ ሁሉ ይቀበል። ጥያቄው ላይ 5 ሜትርና 5.00 ሜትር አንድ ናቸው ብላችሁ አታምታቱ፤ መጀመሪያ የሚያምታታው የራሳችሁ ወረቀት ነው። የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ደግሞ ተማሪው መሣሪያው እስከ ምን ድረስ እንደሚያይ ካልጻፈ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር ሙሉ ማርክ አይሰጠው። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን በይፋ ጻፉልን፣ እንከራከርበት።