እማዬ፣ ላልመለስኩልሽ ጥያቄ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ?

ባለፈው በስልክ ስለምንፈልገው ዳርክ ማተር (ስለማይታየው የጽንፈ ዓለም ቁስ) «እስካሁን ካላገኛችሁት፣ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» ስትይኝ ደህና መልስ አልሰጠሁሽም። ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ዳርክ ማተር ብርሃን አያወጣም፣ ብርሃንም አይጋርድም። የሚያሳብቅበት ስበቱ ብቻ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የአንድሮሜዳ ጋላክሲን (ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) ሲለኩ፣ ከመሃሉ ርቆ የሚዞረው ጋዝ ይዘገያል ሲባል ፍጥነቱ አልቀነሰም። የሚታየው ነገር ብቻውን አስሮ ሊይዘው አይችልም። ከጽንፈ ዓለሙ ቁስ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ይኸው የማይታየው ነው።

«ታዲያ ከመሬት በታች ምን አስገባችሁ?» ትይኝ ይሆናል። ከላይ የጠፈር ጨረር እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ሹክሹክታ አይሰማም። ጣሊያን ባለው የግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ 1,400 ሜትር፣ ቻይና ባለው የጂንፒንግ ቤተ ሙከራ 2,400 ሜትር ዐለት ከላይ አለ። ከሥሩ ፈሳሽ ዜኖን (ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ) በቶን ተቀምጦ ይጠብቃል። የዳርክ ማተር ቅንጣት የዜኖንን አቶም አስኳል ከገጨች፣ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል።

ችግሩ በጣም ቀላሎቹ ቅንጣቶች ላይ ነው። በሰከንድ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ቢበሩም፣ ቋጥኝን በአተር እንደመምታት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ፈጣኑ ነው። ጠፈር ላይ የሚከንፍ ፕሮቶን (የአቶም አስኳል ቅንጣት) ያችን ቀላል ቅንጣት ከገጫት፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግታ ልትወነጨፍ ትችላለች። ያኔ አተሯም ቋጥኙን ትነቀንቀዋለች።

ደስ የሚለኝን ልንገርሽ። እነዚህ ፈጣኖች ይበልጥ የሚጠበቁት ከጋላክሲያችን መሃል አቅጣጫ ነው። ምድር ዞራ መሃሉ ከእግራችን በታች ሲሆን፣ መላዋን ምድር አቋርጠው መምጣት አለባቸው፤ መንገድ ላይ ይደክማሉ። ስለዚህ ምልክቱ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀኑ ግን 24 ሰዓት አይደለም። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንዴ የምትዞረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ 4 ደቂቃ ብቻ! በስድስት ወር ግን 12 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ሰው የሚፈጥረው ሁከት የፀሐይን ሰዓት ይከተላል፤ የምንጠብቀው እንግዳ ግን የከዋክብትን።

ጂንፒንግ ያለው ዳርክ ማተር ፈላጊው የፓንዳኤክስ ቡድን ይህንኑ ፈልጎ በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጣ። አላገኘም። ግን የት የት እንደሌለ ለይቶልናል፤ ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔም ቀኑን ሙሉ እነዚያን 4 ደቂቃዎች እያሰብኩ ነው። እሑድ እደውላለሁ። ያልገባሽን ጠይቂኝ፤ ስልኩ ቢቆረጥም መልሼ እደውላለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ